የድንጋዩ ቦታ

በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ በሩ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ክፍል ነበር። ታማሚ አያውቀውም። ሐኪሞቹም ቢሆኑ ትዝ የሚላቸው ኮምፒውተራቸው ሲቆም ብቻ ነው፤ ያኔ ደግሞ ለእርግማን ነው የሚያነሱት። የታካሚው ካርድ፣ የላቦራቶሪው ውጤት፣ የቀጠሮው ቀን፣ ሁሉም የሚቀመጠው እዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ዕረፍት በሚያጓሩት ሰርቨሮች ላይ ነው። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ክፍሉ በጣም ስለሚቀዘቅዝ የሚሠሩበት ሁለቱ ሰዎች ውጭ ፀሐይ እያቃጠለም ሹራብ አይለያቸውም። አንደኛው አባ ድንጋይ ናቸው፤ ሁለተኛዋ ምክትላቸው።

አባ ድንጋይ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ገመዴ ነው። ገመዴ የኔትወርክ ገመድ ሲጎትት ውሎ የተረፈውን ጊዜ ለሰው ስም በማውጣት የሚያሳልፍ ቀልደኛ ነበር፤ ለእሱም ሌሎቹ ብድሩን መልሰው ገመዴ አሉት። ሽማግሌውን አባ ድንጋይ ያላቸው ስለ ጭካኔያቸው አይደለም፤ እንዲያውም ከእሳቸው የሚብስ ሆደ ቡቡ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። ድንጋይ ስለሚያስቀምጡ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳታቤዝ፣ ማለትም የታካሚው መረጃ ሁሉ የሚሰፍርበት የማሽኑ መዝገብ፣ የሚጽፍበት ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ዲስኩ ጢም ብሎ ከሞላ መጻፍ ያቅተዋል፤ መጻፍ ካቃተው ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ክፋቱ ደግሞ ከቆመበት ለመነሳትም ያው ባዶ ቦታ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አባ ድንጋይ በየሰርቨሩ ዲስክ ላይ በውስጡ አንዳች ቁም ነገር የሌለው፣ ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የሌለው አንድ ግዙፍ ፋይል ያስቀምጣሉ። ስሙን «ድንጋይ» ብለውታል። ዲስኩ የሞላ ዕለት ድንጋዩን ያነሱታል፤ በቅጽበት ቦታ ይገኛል፣ ዳታቤዙም ነፍስ ዘርቶ ይነሳል፤ እነሱ ደግሞ ቁጭ ብለው መላ የሚመቱበት ፋታ ያገኛሉ።

ምክትሏ ሥራ በጀመረችበት ሰሞን «ቦታውን ባዶውን ብንተወውስ?» ብላ ጠይቃቸው ነበር።

«ባዶ ቦታ ሰው አይቶ ዝም ይላል?» አሏት። «ነገ ይሞሉታል። ድንጋይ የተቀመጠበትን ግን ማንም አይመኘውም። ለክፉ ቀን የሚሆን ቦታ እንዲተርፍሽ ከፈለግሽ ዛሬ የተያዘ አስመስይው።»

ሥራውን ያስተማሯት እንዲህ እያሉ ነው። ስትመጣ የምታውቀው የትምህርት ቤቱን ብቻ ነበር፤ ተቀጣሪነቷም በኮንትራት ነው። እሳቸው አልናቋት፣ አልቆጧት፤ ስትሳሳት «አይዞሽ፣ ማሽን ነው፣ አይነክስም» ይሏታል። የሰርቨሮቹን የይለፍ ቃል የሚያውቁት እሳቸውና እሷ ብቻ ነበሩ። ሁለት ነገር አጥብቀው ነግረዋታል። አንደኛው፣ ሎግ ሳታይ ማንም ላይ እንዳትፈርድ ነው፤ ሎግ ማለት ማን ገባ፣ ምን ነካ፣ ምን ሰረዘ የሚለውን ማሽኑ ራሱ የሚጽፈው መዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ ዘጠና ቀን ያለፈውን ሎግ እየጠረገች እንድታወጣ ነው፤ «ትናንትን ሁሉ ተሸክሞ የሚዘልቅ ማሽን የለም» ይላሉ።

እንከን አልነበራቸውም ማለት አይደለም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው መነጽር ሲፈልጉ መሳቢያውን ሁሉ ያተራምሳሉ። ገመዴ ይሄን ሲያይ «ጋሼ፣ ዲስክዎ ሞልቷል፣ ድንጋዩን ያንሱት» እያለ ይስቅባቸዋል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ይሄ አመላቸው ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የነበረ ነው። ሰዓት ላይ ግን ዝንፍ አይሉም። የልጅ ልጃቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመጡት እሳቸው ናቸው፤ በትንሽ ትልቁ ስለምታኮርፍ ኩርፊት ይሏታል። የኩርፊት መውጫ ሲደርስ ሰማይ ቢደፋ ከወንበራቸው ይነሳሉ። እናቷ፣ ማለትም ልጃቸው፣ ሥራዋ ሩቅ ስለሆነ በእሳቸው ተማምና ነው የምትውለው።

ታዲያ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ከእሱ ጋር ደግሞ ግድግዳ የሚያክል ስክሪን መጣ። የየዲስኩ ይዞታ በቀለም ይታይበታል፤ ባዶው አረንጓዴ፣ እየሞላ ያለው ቢጫ፣ ሊሞላ የደረሰው ቀይ። አባ ድንጋይ ስክሪኑ በተሰቀለ ማግስት ጀርባቸውን ሰጡት፤ ጠረጴዛቸውን አዙረው «ይሄ የመኪና መሸጫ ጌጥ ነው» አሉ። እሳቸው የሚያምኑት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚመጣላቸውን የማስጠንቀቂያ መልእክትና በየዓርቡ በገዛ እጃቸው የሚያደርጉትን ፍተሻ ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ወረደና ከስክሪኑ ፊት ቆመ። «ይሄ ቀዩ ምንድነው?»

«ዋናው ዳታቤዝ ያለበት ዲስክ ነው፤ እየሞላ ነው» አሉት አባ ድንጋይ። «አዲስ ይገዛ ብለን ደጋግመን ጠይቀናል።»

«እሱ በሂደት ላይ ነው። ሰኞ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ። እዚህ ግድግዳ ላይ ቀይ ማየት አልፈልግም።»

«ማየት ካልፈለጉ ይግዙልና። ቴርሞሜትር ሰብሮ ትኩሳት ያዳነ ሐኪም እስካሁን እዚህ ቤት አላጋጠመኝም።»

ገመዴ ከጥግ ሆኖ በሳቅ ፈረሰ። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ሲወጣ ምክትሏን ኮሪደር ላይ ጠራትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አንቺ ወጣት ነሽ፤ መላ አታጪም» አላት። «የቋሚነትሽን ጉዳይ እያየሁት ነው።» ሌላ ምንም አላለም። መጨመርም አያስፈልገውም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት አባ ድንጋይ ብቻቸውን ገብተው ዋናው ሰርቨር ላይ መበላሸት የጀመረ አንድ ዲስክ በመጠባበቂያ ለወጡ። ለዚያ ሲሉ ድንጋዩን ማንሳት፣ ዕቃውን ማዛወር፣ ድንጋዩን መመለስ ነበረባቸው። ኩርፊት መቼ ነው የምትመጣው እያለች በስልክ ስትነዘንዛቸው ዋለች። ሥራውን ሲጨርሱ ለምክትሏ ደወሉላት። «ጨርሻለሁ፣ ድንጋዩንም ቦታው መልሻለሁ፤ ሰኞ ጠዋት ኩርፊትን የጥርስ ሐኪም ጋ ስለምወስዳት ከምሳ በኋላ ነው የምገባው» አሏት። እሷም እሺ ጋሼ አለች።

ሰኞ ጠዋት ምክትሏ ብቻዋን ነበረች። ግድግዳው ቀይ ነው። እንግዶቹ ላይኛው ፎቅ ደርሰዋል፤ ሥራ አስኪያጁ ሲስቅ ድምፁ በደረጃው በኩል ይሰማል። ወዲያ አለች፣ ወዲህ አለች፤ የሚሰረዝ ትርፍ ነገር የለም። ያለው ድንጋዩ ብቻ ነው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ነው፣ ከዚያ እመልሰዋለሁ፣ ማንም ሳያውቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው፣ አለች ለራሷ። ሰረዘችው። ቀዩ ጠፍቶ ግድግዳው ለምለም አረንጓዴ ሆነ።

እንግዶቹ ገቡ፣ ግድግዳውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ስለ ቅዝቃዜው ቀልደው ወጡ። ወዲያው ከመድኃኒት ቤቱ ተደወለ፤ ማተሚያው አላትም ብሏል። እሱን አስተካክላ ስትመለስ ላቦራቶሪው ጠራት። ከምሳ በኋላ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አስጠርቶ «እንኳን ደስ አለሽ፣ ቋሚ ሆነሻል» አላት። ደረጃው ላይ ቆማ ለእናቷ ደወለች፤ እናቷ በስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። አባ ድንጋይ መጥተው ዜናውን ሲሰሙ ግንባሯን ሳሟት፤ ከመሳቢያቸውም ለኩርፊት ካስቀመጡት ከረሜላ አንዱን ሰጧት። ድንጋዩ ግን አልተመለሰም። ክፋት አስባ አልነበረም፤ ረሳችው። በቃ፣ ረሳችው። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴን ደግሞ ማን ይጠይቃል።

ሐሙስ ዕለት የራጅ ክፍሉ፣ ለማንም ሳይነግር፣ የቆዩ ምስሎቹን በጅምላ ወደ ዋናው ሰርቨር መጫን ጀመረ። ያገኘውን ባዶ ቦታ ሁሉ በላው፤ የድንጋዩንም ቦታ ጨምሮ። የማስጠንቀቂያው መልእክት አባ ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ረፍዶ ነበር። ዳታቤዙ ቆመ። ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ያንቃጭሉ ጀመር፤ ካርድ ክፍሉ ፊት ሰልፉ ተጠምዞ ደጅ ወጣ፤ ከላይ አንዲት ነርስ የታማሚውን የደም ዓይነት ፈልጋ ትጮኻለች።

ምክትሏ አንዱን ስልክ አንስታ ሌላውን ትዘጋለች። አባ ድንጋይ ግን ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ተቀመጡ። «አይዞሽ ልጄ» አሏት፣ «ድንጋዩ አለ።»

ጻፉ። ስክሪናቸውን አዩ። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱና ደግመው ጻፉ።

ያኔ ነው ሰኞ ትዝ ያላት። 

«የለም» አሉ ሽማግሌው። «ቅዳሜ አንስቼው… ዲስኩን ለወጥኩ… ከዚያ መለስኩት። መልሼዋለሁ እኮ! ኩርፊት ደወለች፣ አነጋገርኳት፣ ከዚያ…» ቆም አሉና ዞረው አዩአት። በዓይናቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ የሚለምን ነገር ነው ያለው። «መልሻለሁ ብዬሽ የለ? ነግሬሽ አልነበር ልጄ?»

ነግረዋታል። ቃል በቃል ታስታውሰዋለች።

«እኔንጃ ጋሼ» አለች።

ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ የሁለት ሰው ብቻ አልነበረም። ፋይሎቹን ወደ ሌላ ሰርቨር እያሸሹ ቦታ ሲቆነጥሩ ዋሉ። ዳታቤዙ ሲነሳ ቀኑ ጋደል ብሎ ነበር፤ የጠዋቱ ምዝገባም ግማሹን ውሃ በልቶት፣ በወረቀት ተይዞ የነበረው ብቻ እንደገና ተመዘገበ። የሞተ ሰው የለም፣ ተመስገን ነው። አባ ድንጋይ ላባቸውን ጠርገው ቀና ሲሉ ግን ዓይናቸው ሰዓቱ ላይ አረፈ። «ኩርፊት!» ብለው ብድግ አሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ልጅቷን ብቻዋን በሩ ላይ አግኝቷት ለእናቷ ደውሎ፣ እናቷ ከሥራዋ እየበረረች መጥታ ወስዳታለች። ለአባቷ ለአባ ድንጋይ ስትደውል ስልኩ ከጩኸቱ መሀል ማንም ሳያነሳው ቀርቷል።

በዚያ አንድ ቀን ሽማግሌው ሁለት ነገር ረሱ ተባለ። አንዱን የረሱት በሥራ ተወጥረው ነው፤ ሌላውን ጭራሽ አልረሱም። ይሄን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ሥራ አስኪያጁ ሰበሰባቸው። «ጥፋቱ የማን ነው?»

«የኔ» አሉ አባ ድንጋይ፣ ጥያቄው ሳያልቅ። «ለክፉ ቀን የማስቀምጠውን ረሳሁት።»

ምክትሏ አፏን ከፈተች። እውነት ነው፣ ከፈተችው፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ሥራ አስኪያጁ ቀደማት። «ሰው ሆኖ የማይስት፣ እንጨት ሆኖ የማይጨስ የለም» አለ፣ ደግ ሰው መስሎ፤ ከዚያ ስለ ዕድሜ፣ ስለ ዕረፍት፣ ቦታን ለወጣት ስለ መልቀቅ አወራ። የእሷ ከንፈር ተገጠመ። አሁን ብናገር የትናንቱ «እኔንጃ» ምን ሊባል ነው፣ ብላ ነው። ቋሚ ከሆነች ገና ሳምንት አልሞላትም። ፈራች፤ ሌላ ስም የለውም።

አባ ድንጋይን ማንም አላባረራቸውም። ራሳቸው ናቸው በቃኝ ያሉት። «ኩርፊትን በር ላይ የረሳ ሰው የሰው ሕይወት ያለበት ማሽን ሊጠብቅ አይገባም» አሉ። ዕቃቸውን በካርቶን ሲያደርጉ ምክትሏ አጠገባቸው ቆማ ትረዳቸው ነበር። ድንገት፣ ሳታስበው፣ ጥያቄው አመለጣት።

«ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ሎጉን ለምን አላዩትም?»

አባ ድንጋይ እጃቸውን ካርቶኑ ላይ እንዳደረጉ ቀና አሉ። «ሎግ የሚታየው ሰው ሲጠረጠር ነው። እዚህ ቤት የምንገባው እኔና አንቺ ነን። እና አንቺን ልጠርጥር?» ሳቁ። «ተይኝ ልጄ፤ ጭንቅላቴን ብጠረጥር ይሻለኛል።»

ያቺ ደቂቃ ነበረች። እግዜር ሰተት አድርጎ ያመጣላት ደቂቃ ነበረች፤ ማንም የለም፣ በሩ ተዘግቷል፣ እሳቸው እየሳቁ ነው፣ ብትነግራቸው ይቅር እንደሚሏት ታውቃለች። «ቴፕ ላምጣ» ብላ ወጣች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እሷም በዚያ ተጽናናች።

ወንበራቸው ላይ ተቀመጠች። አዲሱ ዲስክ ያን ሁሉ ጊዜ ሲለመን ከርሞ በወሩ ተገዛ። ሰዎች ግን ዛሬም ምክትሏ ነው የሚሏት፤ ምክትልነቷ ለማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ስለ አባ ድንጋይ የምትሰማው ከገመዴ ነው፣ እሱም አልፎ አልፎ ይጠይቃቸዋል። መጀመሪያ ደህና ናቸው ይላት ነበር። ከዚያ ቀልዱ እየቀነሰ ሄደ።

የሎጎቹ ዘጠና ቀን ሲሞላ የጠረጋው ተራ ደረሰ። ማሽኑ እንደ ልማዱ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ያ ሰኞ በዚያ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች፤ የእሷ መግቢያ ስም፣ «ድንጋይ» የሚለው ፋይል፣ ስረዛው። ቅጂውን አውጥታ ማስቀመጥ ትችል ነበር። የተለመደ ሥራ ነው፣ እሳቸው ራሳቸው ያስተማሩኝ ነው፣ አለች ለራሷ፤ ልቧ እያወቀ አዎ የሚለውን ተጫነች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእሷ እውነት እያደረ የሚጠረግ ዓይነት ነበር።

አንድ ቀን ገመዴ ገመዱን እየጠቀለለ ገባ። ፊቱ ላይ ጨዋታ የለም። «ጋሼን ጠይቄያቸው መጣሁ» አላት። «ቤቱን ብታዪው ታለቅሻለሽ። በየበሩ፣ በየመሳቢያው ወረቀት ለጥፈዋል። ይሄን ዝጋ፣ ያንን አጥፋ። ኩርፊትን አሁን ጎረቤት ነው የሚያመጣት። ልጃቸው ሐኪም ጋ ብትወስዳቸው ጤነኛ ነዎት አላቸው፤ እሳቸው ግን አላመኑም። ብቻቸውን ከቤት አይወጡም። 'ድንጋዩን ያስቀመጥኩ እየመሰለኝ አላስቀመጥኩም፤ ከዚያ ወዲያ ራሴን በምን ልመን?' ይላሉ።» ገመዱን መሬት ላይ አኖረው። «እኔ ነኝ በመነጽሩ ስስቅባቸው የኖርኩት። ምነው አፌን በቆረጠው።»

ምክትሏ ዕንባዋ መጣ። ገመዴ ለሽማግሌው ያለቀሰች መስሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ እሱ ደግሞ የባሰ አሳፈራት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት ሄደች። በሩን የከፈቱላት ራሳቸው ናቸው። ሹራባቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ ጺማቸው ተላጭቷል፣ መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከበሩ ጀርባ በትልቁ «ቁልፍ ይዘሃል?» የሚል ተለጥፏል። «ምክትል!» ብለው አቀፏት። ሻይ አፈላለሁ ብለው ወደ ኩሽና ሲገቡ በተከፈተው በር ታያቸዋለች። አፈሉ፣ ምድጃውን አጠፉ፣ መዝጊያውን በጣታቸው ነካ አድርገው አረጋገጡ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት አነበቡ፣ እንደገና ነኩት። ልጃቸው ሶፋው ላይ የኩርፊትን የትምህርት ቤት ልብስ እያጣጠፈች ነው። ኩርፊት ራሷ ጎረቤት ናት።

ምክትሏ ሻይዋን ጨርሳ፣ ስኒውን አስቀምጣ፣ ሌላ ወሬ እንዳይቀድማት ቶሎ ተናገረች።

«ጋሼ፣ ድንጋዩን የሰረዝኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ቅዳሜ መልሰውት ነበር። ደውለውም ነግረውኛል። ሰኞ እንግዶች ሲመጡ ቀዩ እንዳይታይ ብዬ አነሳሁት፤ እመልሰዋለሁ ብዬ ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ ምንም አልረሱም።»

የልጃቸው እጅ ልብሱ ላይ ቆመ።  የአባ ድንጋይ ፊት ቀስ እያለ በፈገግታ ተፈታ፤ እሷ የጠበቀችው ፈገግታ ግን አልነበረም።

«አየሽ?» አሏት ልጃቸውን። «ሰው ቢያስተምሩ እንዲህ ነው። ሽማግሌው ተጨነቀ ብላ ጥፋቱን ልትሸከምልኝ መጣች።»

«አይደለም ጋሼ! እውነቴን ነው።»

«ያን ዕለት ስጠይቅሽ እኔንጃ ነው ያልሽኝ። አንቺ ደግሞ ነገር አትረሺም፤ እኔ አውቅሻለሁ። ነግሬሽ ቢሆን ኖሮ ነግረውኛል ትይኝ ነበር።»

«ፈርቼ ነው እንደዚያ ያልኩት።»

«እኔን?» አሉ፣ ከልባቸው ተገርመው።

 አባ ድንጋይ ጎንበስ ብለው፣ እንደ ድሮው፣ ሥራ ሲያስተምሯት በነበረው ድምፅ፣ «መልካም። ከወሬ ሎግ ይሻላል» አሏት። ዓይናቸው ውስጥ አንዲት ነገር ብልጭ አለች፤ ተስፋ ነበረች። «ሎጉን አሳዪኝ። የሰኞውን። ስምሽን እዚያ ላይ ካየሁ አምናለሁ።»

ምክትሏ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ተጠርጓል» አለች። «ዘጠና ቀን ሞልቶት።»

«ማን ጠረገው?»

«እኔ።»

ያቺ ብልጭታ ጠፋች። ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ ተደገፉና ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ምንኛ በተገላገለች። «ደግ አደረግሽ። በደንቡ ነው የሠራሽው» አሉ። «ሎግ ከሌለ ነገር የለም ልጄ። አንቺ ግን እግዜር ይስጥሽ። ከዚያ ቤት ለእኔ እንዲህ የሚያስብ ሰው ተርፏል ማለት ነው።»

የቀረውን ጊዜ ስለ አዲሱ ዲስክ ሲጠይቋት፣ እሷም የምትመልሰውን ሳታውቅ ስትመልስ ቆየች። ልትሄድ ስትነሳ ልጃቸው እስከ በሩ ሸኘቻት። ከወረቀቱ አጠገብ ቆመው ተያዩ።

«እኔ አምኜሻለሁ» አለቻት ልጃቸው በሹክሹክታ። «ስታወሪ ፊትሽን አይቼዋለሁ። ያን ሰሞን ብትነግሪን አባባም ያምንሽ ነበር። አሁን ጅብ ከሄደ…» ተረቱን ሳትጨርሰው ተወችው።  «ልጄን ከእጁ የነጠቅኩት እኔ ነኝ። አሁን እሺ ውሰዳት ብለውም አይወስዳትም፤ እረሳታለሁ ብሎ ፈርቷታል። ምን ብዬ ነው የማስረዳው? ንገሪኛ፣ ምን ልበለው?»

 ለምክትሏ ይቅርታ የሚለው ቃል ገና ከአፏ ሳይወጣ ትንሽ ሆኖ ታያት። እጇን የበሩ መዝጊያ ላይ አድርጋ ሳለ ከሳሎኑ የሽማግሌው ድምፅ መጣ።

«ምክትል! ሄድሽ እንዴ?»

«አለሁ ጋሼ።»

«ከመውጣትሽ በፊት ምድጃውን እይልኝ እስቲ፣ ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል ጋሼ። ሲያጠፉት አይቻለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነው ያረጋገጡት።»

«ቢሆንም እይልኝ» አሉ። «እኔ አላምነውም። አንቺ አትረሺም።»

ወደ ኩሽናው ተመለሰች። መዝጊያው በደንብ ተዘግቷል። ጎንበስ ብላ መዳፏን ምድጃው ላይ አሳረፈች፤ ቀዝቅዟል። ቀና ሳትል እዚያው ቆየች።

«ጠፍቷል ጋሼ» አለች።